የዋራንቲ ማኔጅመንት ስልጠና፦ ትምህርቱ ጎበዝ፣ ፈተናው ሰነፍ

የምሠራው ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት ክፍል ነው። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የውሃ ፓምፕ። ዕቃ ተበላሽቶ ሲመለስ የዋራንቲ ጥያቄው መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደረሰኙን አያለሁ። ሴሪያል ቁጥሩን አመሳክራለሁ። ቴክኒሺያኑ የጻፈውን አነባለሁ። ከዚያ ይጽደቅ ወይም አይጽደቅ እላለሁ።

ይህን ሥራ አብዛኞቻችን የለመድነው አጠገባችን ከተቀመጠ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በምርት ዋስትና አስተዳደር ላይ ራሱን የቻለ ስልጠና፣ በመጨረሻም የሙያ ሰርተፍኬት እንደሚሰጥ ስሰማ ተመዘገብኩ። ጨረስኩት፤ ፈተናውንም አለፍኩ። የተቋሙን ስም አልጽፍም። የምለው ነገር ይህን መሰል ስልጠና ከየትም ለመውሰድ ለሚያስብ ሰው እንዲጠቅም ነው የፈለግኩት።

ፍርዴን ከላይ ላስቀምጠው። ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ ስለ ብልሽት ምርመራና ስለ መረጃ ትንተና የሚያወራው ክፍል። የአቅራቢዎች ጉዳይ ላይ ሳስቷል። ፈተናው ደግሞ ትምህርቱን አይመጥንም።

ትምህርቱ በቀጥታ ኦንላይን የሚሰጥ ክፍለ ጊዜና ተቀድቶ የተቀመጠ ቪዲዮ ነበረው። ሰልጣኞቹ ከየሙያው የመጡ ናቸው። እንደኔ ጥያቄ የሚመረምሩ አሉ፤ የጥራት ኢንጂነሮች አሉ፤ የሒሳብ ባለሙያዎች አሉ፤ መለዋወጫ መጋዘን የሚያስተዳድሩም ነበሩ። ይሄ ድብልቅ በአጋጣሚ የመጣ ይሁን ታስቦበት አላውቅም፣ ግን ከኮርሱ ትልቁ ሀብት እሱ ነበር ማለት እችላለሁ። እኔ "ተቀባይነት ያገኘ ጥያቄ" ብዬ የማልፈውን ወረቀት ሒሳብ ሠራተኛዋ ወጪ ሆኖ ነው የምታየው። ኢንጂነሩ ደግሞ ስለ ምርቱ የሚነግረው መረጃ ሆኖ ይታየዋል። ሦስታችን አንድ ወረቀት ላይ ስንከራከር የተማርኩትን ከስላይዱ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የመጣው ሕግ ነው። ፈጠን ብሎ አለፈ፣ ማለፉም ተገቢ ነው፤ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያልና። አሰልጣኙ ሁለት ምሳሌ ብቻ ወሰዱ። አንዱ አሜሪካ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው የማግኑሰን-ሞስ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ዋስትናው "ሙሉ" ይሁን "የተወሰነ" በግልጽ መጻፍ አለበት። "የእኛን ብራንድ መለዋወጫ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ቀረ" ብሎ ገዢውን ማሰርንም ይከለክላል፤ ኩባንያው መለዋወጫውን በነፃ ካላቀረበ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር። ሁለተኛው የአውሮፓ ኅብረት ነው። እዚያ ሻጩ ለዕቃው ቢያንስ ለ2 ዓመት በሕግ ተጠያቂ ነው። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ደግሞ ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ከታየ፣ ዕቃው ሲረከቡትም ጉድለቱ እንደነበረበት ይገመታል። እንዳልነበረ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው።

ከዚህ ክፍል የያዝኩት ቁም ነገር በሕግ የሚመጣ ኃላፊነትና አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው የዋስትና ወረቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ወረቀቱ አለቀ ማለት ኃላፊነቱ አለቀ ማለት አይደለም። ደንበኛ ፊት ለሚቆም ሰው ይሄን ማወቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ የዋስትና ዓይነቶች መጡ። ነፃ ጥገና ወይም ነፃ ቅያሬ የሚሰጠውን ሁሉም ያውቀዋል። ባትሪና ጎማ ላይ የተለመደው ግን ሌላ ነው። የ24 ወር ዋስትና ያለው ባትሪ በ18ኛው ወር ቢሞት ደንበኛው የሚያገኘው የቀረውን የ6 ወር ድርሻ ነው፤ ማለትም የዋጋውን ሩብ። መኪና ላይ ደግሞ ዋስትናው በጊዜም በኪሎ ሜትርም ይለካል፣ ቀድሞ የሞላው ይቆርጠዋል። ህዩንዳይ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቀው የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተርና የማርሽ ዋስትና እዚህ ላይ ተነሳ። አሰልጣኙ ያተኮሩት ዋስትናው የሽያጭ መሣሪያ መሆኑ ላይ ነበር። የብራንዱን ጥራት ገዢው በሚጠራጠርበት ወቅት ኩባንያው "ጥራቱን እኔ ራሴ በገንዘቤ እወራረዳለሁ" ያለበት መንገድ ነው። የዋስትና ክፍልን ገንዘብ ማፍሰሻ አድርገው ለሚያዩ አለቆች ይሄ ምሳሌ መንገር ያለበት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም አንብቦ ሊደርስበት ይችላል። ኮርሱ ዋጋውን ማውጣት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

አሰልጣኙ አንድ ቀን የተመለሰ የውሃ ፓምፕ ፎቶዎች ላኩልን። ከፎቶዎቹ ጋር የጥያቄ ቅጹም አለ። ቅጹ ላይ "የደንበኛው ቅሬታ" በሚለው ቦታ "አይሠራም" ተብሏል። "የተገኘው ችግር" በሚለው ቦታ ደግሞ "ቦርድ ተቃጥሏል"። የብልሽት ኮዱ "ሌላ" ነው። የተቀየረው ዕቃ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ። እንደዚህ ያለ ቅጽ በየቀኑ ነው የማየው። ደረሰኙ ካለና ጊዜው ካላለፈ ያልፋል።

"እስኪ ጥፋተኛው ማነው?" አሉን።

አብዛኛው ሰው ቦርዱን አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ፎቶ አጉልተው አሳዩን። ቦርዱ ላይ ያለው የገመድ መሰኪያ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ዝገቱ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ በክዳኑ ጠርዝ በኩል። ሦስተኛው ፎቶ ክዳኑን ያሳያል። ዙሪያውን የሚዞረው የላስቲክ ጋስኬት አንድ ማዕዘን ላይ ከቦታው ወጥቶ ታጥፏል። ውሃ የገባው በዚያ ነው። ቦርዱ የተጎዳው ክፍል ነው እንጂ ጥፋተኛው አይደለም።

ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ቅጹ እንዳለ ሥርዓቱ ውስጥ ከገባ ወር ሲያልቅ የሚወጣው ሪፖርት "ቦርድ ችግር አለበት" ይላል። የቦርዱ አቅራቢ ይከሰሳል። እሱም ቦርዶቹን መርምሮ "የእርጥበት ጉዳት ነው፣ የእኔ አይደለም" ብሎ ይመልሳል። ትክክል ነው። ክርክሩ ወራት ይወስዳል። በዚህ መሃል ጋስኬቱ የሚታጠፍበት የመገጣጠሚያ ጣቢያ ሌላ ፓምፕ፣ ከዚያም ሌላ ፓምፕ ማውጣቱን አያቆምም። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሌላ ቦርድ ይቃጠላል። ይሄ ሁሉ የሚመጣው ቅጹ "የተቀየረው ዕቃ" የሚል ቦታ ኖሮት "ብልሽቱን ያመጣው ዕቃ" የሚል ቦታ ስለሌለው ነው።

ይህ ትምህርት ብቻውን ለእኔ ሙሉውን ክፍያ መልሷል። የዋስትና ጥያቄ ደንበኛው በነፃ የሚሰጠን የመስክ ማስረጃ ነው። አምራች ለሙከራ ስንት ገንዘብ ያወጣል! እዚህ ግን እውነተኛ ሰው፣ በእውነተኛ ውሃና በእውነተኛ መብራት፣ ዕቃውን ሞክሮ ውጤቱን ያመጣልናል። እኛ "ሌላ" ብለን እንጥለዋለን። ይሄ ያሳዝነኛል፤ የሁላችንም ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው "ጉድለት አልተገኘበትም" የሚባለው ጣጣ ነው። ዕቃው ይመለሳል፣ ቤተ ሙከራ ሲፈተሽ በደንብ ይሠራል። ቀላሉ መልስ ደንበኛው አጠቃቀም አያውቅም ማለት ነው። ስልጠናው ይህን መልስ አይቀበልም። ዕቃው በክፍል ሙቀት ሠራ ማለት ሲሞቅ አያቆምም ማለት አይደለም። የላላ መሰኪያ ተነቅሎ ሲሰካ ይስተካከላል፤ ቴክኒሺያኑ ሳያውቅ ማስረጃውን አጥፍቷል። ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ብቻ የሚያስቸግር ዕቃም አለ። አንዳንዴ ደግሞ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ቴክኒሺያኑ ችግሩን ማግኘት ስላቃተው በግምት የቀየረው ነው፤ ያኔ የጎደለው ስልጠና ወይም መመርመሪያ መሣሪያ ነው። ለመኪና ኢንዱስትሪ አቅራቢዎች የወጣው የጥራት መስፈርት፣ አይኤቲኤፍ 16949፣ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት የተመለሱ ዕቃዎችን የሚመረምርበት ዘዴ ሊኖረው ይገባል ሲል ጉድለት ያልተገኘባቸውንም ጨምሮ ነው። ይህን አንቀጽ ጠቅሼ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የቆየ ክርክር ዘግቻለሁ።

ወደ መረጃ ትንተናው ልግባ። እዚህ ጋ ኤክሴል የሚፈራ ሰው ትንሽ ይጨነቃል። አይፍራ። አሰልጣኙ የጀመሩት ከአንድ ሰንጠረዥ ነው። ወደታች የምርት ወር ይደረደራል፤ ወደጎን ዕቃው አገልግሎት ላይ የቆየበት ወር። መሃሉ ላይ ከ1,000 ዕቃ ስንቱ እንደተመለሰ ይሞላል።

እንበል ጥር ላይ ከተመረቱት 1,000 ፓምፖች እስካሁን 30 ተመልሰዋል። መጋቢት ላይ ከተመረቱት 1,000 ደግሞ 14። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው መጋቢት ተሻሽሏል ይላል፤ ስብሰባ ላይ ይጨበጨባል። ግን በጥር ወር የተመረተው ፓምፕ ብዙ ወር ሠርቷል፣ የመጋቢቱ ገና ነው። በእኩል ዕድሜ፣ ማለትም በ3 ወር አገልግሎት ስናወዳድራቸው ጥር 4፣ መጋቢት 11 ሆኖ ይወጣል። ምርቱ ተበላሽቷል እንጂ አልተሻሻለም። መጋቢት ላይ አንድ ነገር ተቀይሯል፦ አቅራቢ፣ የመገጣጠሚያ መሣሪያ፣ ወይም ሠራተኛ። ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። አዲስ ምርት ሁልጊዜ ጥሩ የሚመስለው ለመበላሸት ጊዜ ስላላገኘ መሆኑን ያልተረዳ የዋስትና ሪፖርት ሰውን ያሳስታል።

ይህን ሰንጠረዥ ለመሥራት ደግሞ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፦ የተመረተበትና ሥራ የጀመረበት። ብዙ ቦታ የሚመዘገበው የተሸጠበት ቀን ብቻ ነው። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጦ ከሆነስ? ገዢው ቤቱን ሠርቶ እስኪጨርስ ሳይገጥመው ቆይቶ ከሆነስ? አሰልጣኙ ይህን ሲያስረዱ የሁሉም ሰው ፊት ላይ የየራሱ ኤክሴል ትዝ ያለው ይመስል ነበር።

ከሰንጠረዡ ቀጥሎ የመጣው ዋይቡል ነው፤ ዕቃ በስንት ዕድሜው እንደሚበላሽ የሚያሳይ የስታቲስቲክስ ስርጭት። ስሙ የመጣው በ1951 ስለዚህ ስርጭት ሰፊ ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ካሳተመው ስዊድናዊ ኢንጂነር ነው። ቀመሩ ውስጥ ቤታ የሚባል አንድ ቁጥር አለ። ቤታ ከ1 ካነሰ ብልሽቱ መጀመሪያ ላይ በዝቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመገጣጠም ወይም የጥሬ ዕቃ ጉድለት ጠርጥር። ወደ 1 ከተጠጋ ብልሽቱ ዕድሜ አይመርጥም፤ እንደ መብራት መዋዠቅ ያለ የውጭ ምክንያት ፈልግ። ከ1 ከበለጠ ዕቃው እያረጀ ነው። ይህ ሦስተኛው ዋስትናው ከማለቁ በፊት ከመጣ የንድፍ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ዋስትናውን ለማራዘም ያሰበ ሰውም ቆም ብሎ ያስብ። ሒሳቡን ሶፍትዌር ይሠራዋል። ትርጉሙን ማንበብ ግን የሰው ሥራ ነው፣ ኮርሱም በትክክል ያተኮረው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ክፍል አሰልጣኙን ከልብ አመሰግናለሁ።

የሒሳቡን ክፍል እንደማልወደው አስቤ ነበር የገባሁት። ወደድኩት። ርዕሱ ወደፊት ለሚመጡ ጥያቄዎች አስቀድሞ ስለሚያዝ መጠባበቂያ ነበር። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ "መምህር፣ ገና ያልመጣ ጥያቄ እንዴት የዘንድሮ ወጪ ይሆናል?" ብላ ጠየቀች።

"ዕቃው የተሸጠው መቼ ነው?" አሏት።

"ዘንድሮ።"

"እንግዲያው ግዴታውም የተፈጠረው ዘንድሮ ነው።"

ከዚያ አይኤኤስ 37 የተባለው የሒሳብ መስፈርት ውስጥ ያለውን ምሳሌ ሠራን። የተሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ትንሽ ጉድለት ቢኖራቸው ጥገናው 1 ሚሊዮን ይፈጃል። ሁሉም ትልቅ ጉድለት ቢኖራቸው 4 ሚሊዮን። ካለፈው ልምድ በመነሳት 75 በመቶው ምንም አይሆንም፣ 20 በመቶው ትንሽ ጉድለት ይኖረዋል፣ 5 በመቶው ትልቅ። የ1 ሚሊዮን 20 በመቶ 200,000 ነው። የ4 ሚሊዮን 5 በመቶም 200,000 ነው። ስለዚህ መያዝ ያለበት መጠባበቂያ 400,000 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከ100 ዕቃ 5ቱ ብቻ ላይ የሚደርሰው ትልቅ ጉድለት ከ20ዎቹ ትንንሽ ጉድለቶች እኩል ያስወጣል። እኔ ጋ በቁጥር የሚበዛው ጥያቄ ትኩረቴን ይወስደው ነበር። አሁን ብዛቱን ከወጪው ጋር አባዝቼ ነው የማየው።

ያ 20 እና 5 በመቶ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ደግሞ አስቡት። ከእኛ ቅጽ ነው። "ሌላ" የሚል ኮድ የሞላበት ክፍል ለሒሳብ ክፍሉ የሚሰጠው ግምት ምን ሊሆን ይችላል?

ግምት ሲሳት ምን እንደሚከተል ለማሳየት የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ታሪክ ተነሳ። በሐምሌ 2007 ኩባንያው ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ለሚቆመው ብልሽት ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ፤ ለዚህም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መያዙን አሳወቀ። ሌላው የሒሳብ ትምህርት ለብቻው ስለሚሸጥ የተራዘመ ዋስትና ነበር። ስለ ገቢ አመዘጋገብ የሚደነግገው የሒሳብ መስፈርት፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ እንደሚለው ደንበኛው ለይቶ ሊገዛው የሚችለው ዋስትና ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ገቢው በተሸጠበት ቀን ሙሉ በሙሉ አይመዘገብም፤ አገልግሎቱ እየተሰጠ ሲሄድ ነው። ዕቃው በተባለው መሠረት ይሠራል ብሎ ማረጋገጫ የሚሰጠው መደበኛ ዋስትና ግን በአይኤኤስ 37 ይታያል።

ስለ ማጭበርበር የተሰጠው ትምህርት አጭር ነው፣ ግን ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ያልተሠራ ጥገና ማስከፈል፣ ደረሰኝ ላይ ቀን መቀየር፣ አንድ ሴሪያል ቁጥር ሁለት ጊዜ ማቅረብ፣ አንድ ጥገና ለሦስት ከፋፍሎ ማስገባት። አሰልጣኙ ደጋግመው ያሳሰቡት ያልተለመደ ቁጥር ምርመራ እንዲጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ነው። አንድ ጋራዥ ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ጥያቄ ቢያቀርብ ሌባ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ከባድ መንገድ ያለበት አካባቢ ይሆናል፤ ወይም ሌሎቹ የማያገኙትን ችግር የሚያገኝ ጎበዝ ቴክኒሺያን ይዟል። ይህን አባባል ወድጄዋለሁ። በጥርጣሬ ብቻ ስንት ታማኝ ሰው ይጎዳል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

የመጀመሪያው ከአቅራቢ ገንዘብ ማስመለስን የሚመለከተው ክፍል ነው። የፓምፑን ጋስኬት ታሪክ ያስተማረ ኮርስ እዚህ ሲደርስ እንደዚያ ጠልቆ መግባት ነበረበት። የተሰጠን ጥቂት ስላይድ ብቻ ነው። ውሉ ላይ ምን ይጻፋል? አቅራቢው የወጪውን ስንት በመቶ ይሸከማል፣ የጉልበቱንስ ይጨምራል? የተበላሸው ዕቃ በስንት ቀን ይመለስለታል? ሁሉም ዕቃ ይመለስ ወይስ ናሙና ይበቃል? ምርመራው ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን ይዳኛል? ሰልጣኞች እነዚህን ጥያቄዎች በቻት ጻፍን። መልሱ "እንደ ውሉ ይወሰናል" ነበር። ልክ ነው፣ ግን ውሉን እንዴት እንጻፈው ብለን ነው የጠየቅነው። አንዱን ወገን አምራች፣ ሌላውን አቅራቢ አድርጎ ማደራደር ቢኖር ትልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።

የባሰው ፈተናው ነው። ሁሉም ምርጫ ነው። ከሚከተሉት ውስጥ በቀረው ጊዜ ልክ የሚከፈለው ዋስትና የትኛው ነው? ዋይቡል ውስጥ ቤታ ምንን ያመለክታል? እንዲህ ያለውን ስላይዱን ለአንድ ምሽት ያጠና ይመልሰዋል። አንድም ቦታ ላይ የተዝረከረከ የጥያቄ ቅጽ ሰጥቶ "ፍረድ፣ ምክንያትህንም ጻፍ" የሚል የለም። የምንሠራው ሥራ ግን እሱ ነው! የተግባር ፕሮጀክት ነበር። የክፍሌን መረጃ የደንበኞችን ስም ሰርዤ፣ ሰንጠረዡን ሠርቼ፣ ትርጉሙን ጽፌ አስገባሁ። የመጣልኝ መልስ "አልፏል" የሚል አንዲት ቃል ናት። የት ጋ እንደተሳሳትኩ፣ የት ጋ ልክ እንደሆንኩ የነገረኝ የለም። ሰው ለፍቶ ለሠራው ሥራ አስተያየት ይገባዋል።

ስለ ሰርተፍኬቱም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስልጠና ጨርሻለሁ የሚል ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አንድ አይደሉም። ሰዎችን ስለሚያረጋግጡ አካላት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፣ አይኤስኦ/አይኢሲ 17024። በዚህ መስፈርት አንድ ተቋም ራሱ አሰልጥኖ ራሱ ብቃት ማረጋገጡ የገለልተኝነት አደጋ ተደርጎ ይታያል፤ ተቋሙም አደጋውን እንዴት እንደሚቆጣጠረው ማሳየት አለበት። ማረጋገጫው የሚታደስበት ሥርዓትም ያስፈልጋል። እኔ የወሰድኩት አሰልጣኙም፣ ፈተና አውጪውም፣ አራሚውም፣ ሰርተፍኬት ሰጪውም አንድ ቤት ነው። የእድሳት ጊዜ አልተጻፈበትም። ማታለል ነው አልልም፤ ወረቀቱን ሲሸጡ "ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ" ከሚሉት "የስልጠና ሰርተፍኬት" ቢሉት ግን ሐቀኛ ይሆኑ ነበር። ዋስትናን የሚያስተምር ተቋም የገባውን ቃል በልኩ መጻፍ ከማንም በላይ ይጠበቅበታል።

ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ የተቀየረው ቅጻችን ነው። "ብልሽቱን ያመጣው ዕቃ" የሚል ቦታ ገብቷል። የተገጠመበት ቀን ተጨምሯል። "ሌላ" የሚለውን ኮድ የመረጠ ቴክኒሺያን ምን እንዳየ በራሱ ቃል ካልጻፈ ቅጹ አያልፍም። ለፓምፕ ደግሞ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊትና ከተከፈተ በኋላ አንድ አንድ ፎቶ ግድ ነው። ቴክኒሺያኖቹ መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ፤ ሥራ በዛብን አሉ። አልፈርድባቸውም። ምክንያቱን ቁጭ ብለን በጋስኬቱ ምሳሌ ስናወራ ግን ከሁሉም በላይ የገባቸው እነሱ ነበሩ። አንደኛው "እኔ ይሄን ችግር ከድሮ ጀምሮ አየዋለሁ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አልነበረም" አለኝ። ይህን ስልጠና ከሚያገኙት ሰዎች ቴክኒሺያኖች መቅረታቸው ለእኔ ትልቅ ክፍተት ነው። ኮርሱ የተሠራው ለቢሮ ሰው ነው። መረጃው የሚወለደው ግን እነሱ እጅ ላይ ነው።

ማን ይውሰደው? ጥያቄ እየመረመረ ቁጥሩን የሚያነብለት ያጣ ሰው ይውሰደው። ከጥራት ክፍል ወደ ዋስትና የተዛወረ ሰውም እንደዚሁ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ መጠባበቂያውን የሚገምት ሰው ቢያንስ የመረጃውን ክፍል ይከታተል። ሥራ ለመቀጠር ብቻ ወረቀቱን የፈለገ ግን ቆም ብሎ ያስብ። ያለ እሱ መሥራት የማይቻልበት ፈቃድ አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስመሰግነው የሠራችሁትን ሰንጠረዥ አውጥታችሁ ማሳየት ስትችሉ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ለተቋሙ ጻፉና ጠይቁ። የምንሠራበት መረጃ እውነተኛና የተዝረከረከ ነው ወይስ የተስተካከለ የመማሪያ ምሳሌ? የተበላሸ ዕቃ በፎቶም ቢሆን እንመረምራለን? ፕሮጀክቱን ማን ያርማል፣ አስተያየትስ ይሰጣል? ፈተናውን የሚያወጣው ካሠለጠነው የተለየ አካል ነው? የአሰልጣኙ የሥራ ልምድ በመኪና ብቻ ነው ወይስ የቤት ዕቃም ይጨምራል? የእኛ አሰልጣኝ ሁለቱንም ያውቁ ነበር፣ ልዩነቱም ይታይ ነበር። መኪና በሄደ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል። ፍሪጅ ግን ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚናገርለት የለም። ከመኪና ብቻ የመጣ ሰው ይህን ችግር ላያስበው ይችላል።

ተቋሙ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ከፍቷል፤ ርዕሱ ከአቅራቢ ወጪ ማስመለስ ነው። የትምህርቱን ዝርዝር እንዲልኩልኝ ጠይቄያለሁ። ድርድሩና የጋራ የዕቃ ምርመራው በተግባር ካለበት እመዘገባለሁ። ስላይድ ብቻ ከሆነ ይቅርብኝ።